ግጥሙ ሲነበብ ባንዱ ለምን ዝም አይልም?

ብዙ ሰው የግጥም በጃዝ አልበም ከፍቶ ሁለተኛው ትራክ ላይ ሳይደርስ ይዘጋዋል። አይፈረድበትም። ዘፈን ሲጠብቅ ሰውየው ያወራል። እሺ፣ ወሬውን ልስማ ሲል ሳክስፎኑ መሃል ይገባበታል። አዝማች የለም። አብሮ የሚያንጎራጉሩት ዜማ የለም። በዚያ ላይ ግጥሙ ስለ ድህነት፣ ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ፖሊስ ዱላ፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ግጥም ከሆነ ለብቻው ይነበብ፤ ሙዚቃ ከሆነም ይጫወቱት፤ ሁለቱን ምን አንድ ላይ አመጣቸው? ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። በእንዲህ ዓይነት አልበም ውስጥ ትችቱ ከነቃላቱ ገጣሚው እጅ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ግማሹ የሚገኘው ባንዱ ቃላቱን በሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው። ባንዱ ሁለተኛ ተናጋሪ ነው። አንዳንዴ ከገጣሚው ጋር ይስማማል። አንዳንዴ ይከራከረዋል። አንዳንዴም ገጣሚው አፍ አውጥቶ ያላለውን ይናገርለታል። ይህን መመላለስ መከተል የጀመረ ሰው አልበሙን ቶሎ አይዘጋውም። ባይወደው እንኳ ለምን እንዳልወደደው ያውቃል።

ከመሠረቱ እንነሳ። ዓመቶቹንም፣ ወሮቹንም፣ ቀኖቹንም የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የነገሩ ሥር ብሉዝ ነው። የተለመደው የብሉዝ ቅርጽ 12 ባር አለው። ባር ማለት አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት የሚይዝ አጭር የሙዚቃ ክፍል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ ስትቆጥሩ አንድ ባር አለቀ። 12ቱ ባሮች ለሦስት ስንኞች ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ አራት አራት ይደርሰዋል። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል። ቀጥሎ ያንኑ ይደግመዋል፣ ምናልባት ትንሽ ለወጥ አድርጎ። በሦስተኛው ላይ መልሱን ወይም መዘዙን ያመጣል።

አሁን ልብ በሉ። ስንኙ አራቱን ባር አይሞላም። ግማሽ ያህሉን ወስዶ ያልቃል። የቀረው ክፍት ቦታ የጊታሩ፣ የፒያኖው ወይም የትራምፔቱ ነው። ሰውየው ይናገራል፣ መሣሪያው ይመልሳል። ሰውየው ያንኑ ሲደግም መሣሪያው ሌላ መልስ ይሰጠዋል። ስለዚህ የተደገመው ስንኝ ያው ቃል ሆኖ ያው ትርጉም አይኖረውም። በመሃል አንድ ሰው አስተያየት ሰጥቶበታላ!

ይህ የመቀባበል ልማድ ከብሉዝም ይቀድማል። በአሜሪካ በባርነት ሥር የነበሩ ጥቁሮች በሥራ ዘፈናቸው አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል ነው የኖሩት። ቤተ ክርስቲያናቸውም እንዲሁ ነው። ሰባኪው አንድ ሐረግ ይላል፣ ምእመኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ኦርጋኑ ከኋላ ይከተላል። የጃዝ ሙዚቀኞችም ያደጉት በዚህ ውስጥ ነው። ቃልና መሣሪያ መነጋገራቸው ለእነሱ አዲስ ፈጠራ አልነበረም።

ይህን ቅርጽ ወደ ወረቀት ካመጡት መካከል ቀዳሚው ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ ነው። በ1926 «ዘ ዊሪ ብሉዝ» የሚለውን የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን ሲያሳትም አንዳንድ የተማሩ ጥቁሮች ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ። የመጠጥ ቤት ሙዚቃ እንዴት ግጥም ይሆናል ነው ነገሩ። ሂውዝ ግን አልተመለሰም። ሰው በሚናገርበት አነጋገር፣ ብሉዝ በሚደግምበት አደጋገም ጻፈ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1958፣ በዚያው ርእስ ግጥሞቹን ከጃዝ ባንድ ጋር በሸክላ ቀዳ።

ያ ሸክላ ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ገጽ አለው፤ በሁለቱም ላይ የሚያነበው ያው ሂውዝ ነው። የሚለየው ባንዱ ነው። በአንዱ ገጽ ሙዚቃውን ያዘጋጀው የጃዝ ሐያሲውና ፒያኒስቱ ሌናርድ ፌዘር ሲሆን የተጫወቱት የቀደመውን ስልት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እዚያ ባንዱ ጨዋ ነው። ገጣሚውን ያስቀድማል፣ ስንኝ ሲያልቅ ብቻ ይመልሳል። በሌላው ገጽ ያለው የቤዝ ተጫዋቹና የሙዚቃ ደራሲው የቻርልስ ሚንገስ ሙዚቃ ነው፤ ቤዝ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። ሚንገስ ጨዋነት ብዙም አይሆንለትም። ቤዙ ገጣሚውን ይገፋዋል፣ ስሜቱን ሳያስበው ይቀይርበታል፣ የፍጥነት ለውጥ ያመጣበታል። የሂውዝ ድምፅ ለስላሳና የተረጋጋ ነው፤ ሲበሳጭ እንኳ አይጮኽም። ብስጭቱን የሚሸከምለት ባንዱ ነው። ሁለቱን ገጾች አከታትላችሁ ብትሰሙ እኔ ብዙ አንቀጽ የምፈጅበትን ነገር በአንድ ቁጭታ ትረዱታላችሁ።

ግን ለምን አይዘፍኑትም?

ዜማ ቃልን ያስረዝማል። አንድ አናባቢ ላይ ሦስትና አራት ኖታ ሲጎተት ጊዜ ይወስዳል። በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ የሚገባው ቃል ትንሽ ነው። በንግግር ግን በዚያው ሦስት ደቂቃ ውስጥ የሰው ስም፣ የመንገድ ስም፣ የሒሳብ ዝርዝር፣ የጋዜጣ ርእስ፣ ስድብና ቀልድ ይገባል። ማኅበራዊ ትችት ደግሞ ዝርዝር ይወዳል። «ኑሮ ከበደ» ብሎ መዝፈን ይቻላል። ኪራዩ ስንት እንደጨመረ፣ ማን እንደጨመረው፣ ለምን እንደጨመረው ለመዘርዘር ግን መናገር ይቀላል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ የሚበልጠው ይሄኛው ነው። ዜማ ይቅር ባይ ነው። መራራ ግጥም ባማረ ዜማ ሲመጣ ሰሚው ዜማውን ይዞ ግጥሙን ሊረሳው ይችላል። ስንት ሐዘን ያዘለ ዘፈን ነው ሰርግ ላይ የሚጨፈርበት! ንግግር ይህን መሸሸጊያ ይነፍጋል። ሰው ሲያናግርህ ፊትህን ማዞር ይከብዳል።

ንግግር ማለት ግን ዜማ አልባ ማለት አይደለም። ማንኛውም ሰው ሲናገር ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይፈጥናል፣ ያቆማል። ጥሩ የቃል ገጣሚ ይህን እንደ መሣሪያ ይጫወትበታል። ከምቱ ቀድሞ ይገባል፣ ወይም ሆን ብሎ ዘግየት ይላል፤ ልክ የሳክስፎን ተጫዋች እንደሚያደርገው። አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ሲደግም ሦስቱም ጊዜ ክብደቱን ሌላ ቃል ላይ ያደርገዋል። ዝምታውም ተቆጥሮ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ድምፅ አሠራር ልግባ፤ አጭር ነው። ቴነር ሳክስፎንና ትሮምቦን የሚጫወቱበት የድምፅ ከፍታ ከወንድ ድምፅ ጋር በሰፊው ይደራረባል። ሁለቱ እኩል ከጮሁ ቃሉ ይጠፋል። ስለዚህ ባንዱ መምረጥ አለበት። ወይ ነፊው ገጣሚው ትንፋሽ በሚወስድበት ክፍተት ብቻ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ከቃሉ በታች ያለው ቤዝና አጭር ድምፅ ያለው ከበሮ ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ዓይነት ሥራ ቤዝና ኮንጋ (በእጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ) የበዙት በምርጫ ብቻ አይደለም። ቦታ ስለሚለቁ ነው። እንግዲህ ነፊው ሕጉን ጥሶ በቃሉ ላይ ከጮኸ፣ ሆን ብሎ ነው። ቃሉን መሸፈኑ ራሱ መልእክት ነው።

ወደ ትችቱ እንምጣ። የሚንገስን የፎበስ ታሪክ ልዘርዝረው፤ ቃልና ባንድ ሲለያዩና ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እንደዚህ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

መስከረም 1957 ላይ በአርካንሳስ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ፣ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች እስከዚያ ድረስ የነጮች ብቻ ወደነበረ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነበር። የግዛቱ ገዥ ኦርቫል ፎበስ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችን አዝዞ አስከለከላቸው። ነገሩ የሀገር ጉዳይ ሆነ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልኮ ልጆቹ በወታደር ታጅበው ገቡ።

ሚንገስ በ1959 ኮሎምቢያ በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ በኩል ባወጣው አልበም ላይ «ፌብልስ ኦቭ ፎበስ» (የፎበስ ተረቶች) የሚል ሙዚቃ አለ። ቃል የለውም። ግን ስሙት። ዜማው እግሩን እየጎተተ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሞኝ ሰው ይመስላል። ፌዝ መሆኑ ይታወቃል። ኮሎምቢያ ግጥሙ እንዲገባ አልፈቀደም እየተባለ በሰፊው ይነገራል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1960፣ ሚንገስ ያንኑ ሙዚቃ ካንዲድ ለሚባል አነስተኛ አሳታሚ በድጋሚ ቀዳው፤ በዚህኛው ላይ ቃል አለ። ሚንገስ ከቤዙ ጀርባ ሆኖ ይጠይቃል፣ ከበሮ መቺው ዳኒ ሪችመንድ ይመልሳል። ሞኙ ማነው? ይባላል፤ ስሙ ይጠራል። አነባበቡ የቲያትር ዓይነት አይደለም። ሁለት ጓደኛሞች ሥራ ላይ ሆነው አለቃቸውን ሲያሙ ነው የሚመስለው። ሳቅ አለበት።

ሁለቱን ቅጂዎች ስታወዳድሩ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። ቃል የሌለው ቅጂ ፈሪ አይደለም። ያው ፌዝ እዚያም አለ። ቃሉ ሲጨመር ግን ፌዙ አድራሻ አገኘ። ስሙ ርእሱ ላይ ብቻ ሲቀር ማንም «ስለ እኔ አይደለም» ሊል ይችላል። ስም በአፍ ከተጠራ በኋላ ግን ማምለጫ የለም። አሳታሚዎችን የሚያስፈራቸውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ቁጣው ሳይሆን አድራሻው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ካንዲድ፣ ከበሮ መቺው ማክስ ሮች «ዊ ኢንሲስት!» የሚለውን አልበም ቀዳ። የካንዲድን ቀረጻዎች የሚመራው ናት ሄንቶፍ ነበር፤ የጃዝ ጸሐፊና የመብት ተሟጋች። የአልበሙን ሽፋን ማየት ብቻ ይበቃል። ሦስት ጥቁር ሰዎች ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ወደ ካሜራው ዞረው ያያሉ፤ ከባንኮኒው በስተጀርባ ነጭ አስተናጋጅ ቆሟል። በየካቲት 1960 በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው አንነሳም ያሉበትን ተቃውሞ ነው የሚያስታውሰው። የዘፈኖቹን ግጥም የጻፈው ኦስካር ብራውን ጁኒየር ነው።

ሰዎች ከዚህ አልበም የሚያስታውሱት ግን ቃል የሌለበትን ክፍል ነው። ድምፃዊቷ አቢ ሊንከንና ሮች ሁለት ብቻ ሆነው፣ በድምፅና በከበሮ፣ ከጸሎት ወደ ተቃውሞ፣ ከተቃውሞ ወደ ሰላም ይሄዳሉ። በመሃል ሊንከን ትጮኻለች። ዜማ ያለው ጩኸት አይደለም። የሰው ጩኸት ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቆያል። ብዙዎች አይችሉትም፣ ያሳልፉታል። ከበሮው ግን አያሳልፈውም፤ አብሮ ይነዳል። እኔ ይህን ክፍል የማነሳው የቃል ግጥም ወሰኑ የት እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ቃል የሚያልቅበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ተናጋሪዋ መሣሪያ ትሆናለች።

ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን ደግሞ ከተቃራኒው ጫፍ መጣ። በ1965 የወጣው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» አልበም ማሸጊያ ላይ ራሱ የጻፈው ጸሎት ታትሟል። በአራተኛው ክፍል ላይ ማንም ምንም አያነብም። ነገር ግን የታተመውን ይዛችሁ ብትከተሉ ሳክስፎኑ ጸሎቱን ቃል በቃል፣ ሐረግ በሐረግ እያነበበ መሆኑን ትሰማላችሁ። ሐረጉ ሲያልቅ ዜማው ያርፋል። ይህ ሥራ መንፈሳዊ ነው። ከሱ በፊት ግን በመስከረም 1963 በአላባማ ግዛት፣ በበርሚንግሃም ከተማ የዘረኞች ቦምብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ሴት ልጆችን ገድሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ኮልትሬን «አላባማ» የሚለውን ሙዚቃ ቀዳ። ግጥም የለውም። ያለው ቃል ርእሱ ብቻ ነው። አጀማመሩ ግን የሐዘን ንግግር ይመስላል፤ ቤት የማይመታ፣ ምት የማይጠብቅ፣ እያቆመ የሚቀጥል። የአንድ ግዛት ስም ብቻ ሰጥቶ ሰውን ማስለቀስ እንደሚቻል አሳይቷል።

እነዚህን ሁለት ጫፎች ካወቅን፣ ከ1970 በኋላ የመጣውን መረዳት አይከብድም።

ግንቦት 19 ቀን 1968፣ በጥቁሮች መብት ታጋዩ በማልኮም ኤክስ የልደት ቀን፣ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሠፈር በሃርለም መናፈሻ ውስጥ ዘ ላስት ፖየትስ የሚባለው ቡድን ተመሠረተ። ስማቸውን የወሰዱት ከደቡብ አፍሪካዊው ገጣሚ ከኬዎራፔትሴ ክጎሲትሲሌ ግጥም ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1970 ወጣ። በእሱ ላይ የጃዝ ባንድ የለም፤ ድምፅና ኮንጋ ነው። ባንዱን የተኩት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ ከኋላ ይቀበላሉ፣ ይደግማሉ፣ ይቆጣሉ።

በዚያው ዓመት የ21 ዓመቱ ገጣሚና ሙዚቀኛ ጊል ስኮት ሄሮን ብቅ አለ። የተማረው ሂውዝ በተማረበት በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የመረጠውም በሂውዝ ምክንያት ነው። ፍላይንግ ደችማን የተባለው አነስተኛ አሳታሚ ባለቤት ቦብ ቲል ተቀበለው። ቲል ገራሚ ሰው ነው። የኮልትሬንን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። ሉዊ አርምስትሮንግ ዓለም እንዴት ድንቅ እንደሆነች የሚዘፍንበትን ያን የሚወደድ ዘፈን በጋራ ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። አሁን ደግሞ ዓለም ድንቅ እንዳልሆነች የሚናገር ወጣት አገኘ። እንደሚነገረው ቲል ለባንድ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። መጀመሪያ ግጥሙን እንቅዳ፣ እሱ ካዋጣ ሙዚቃ ያለውን እናወጣለን አለው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው አልበም በአብዛኛው በኮንጋና በመሳሰለው መሆኑን የጥበብ ውሳኔ አድርጎ ያደንቃል። ኪስ የወሰነውንም ማድነቅ ይቻላል።

ከዚያ አልበም አንዱ ግጥም ስለ ጨረቃ ነው። ሰው ጨረቃ ላይ የወጣው በሐምሌ 1969 ነው። ዓለም ሲያጨበጭብ ስኮት ሄሮን የአንዲት አይጥ የነከሳት እህት ታሪክ ያወራል። እጇና ፊቷ አብጧል፣ የሐኪም ክፍያ የለም፣ ኪራይ ጨምሯል። ከእያንዳንዱ ችግር በኋላ ነጩ ሰው ጨረቃ ላይ መሆኑን ያስታውሰናል። ሰሙ ጨረቃ፣ ወርቁ የሐኪም ቤት ሒሳብ ነው። ቅርጹን ግን እዩት፤ የብሉዙ አደጋገም ነው። ያው ሐረግ ተመልሶ ሲመጣ ትርጉሙ ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፣ መሃል ላይ ያናድዳል፣ መጨረሻ ላይ የክፍያ ደረሰኝ ይመስላል። ኮንጋው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደስ በሚል ምት ይቀጥላል፤ የሚያሳዝን ነገር የሚወራ መሆኑን ያልሰማ ይመስል። ይህ ነው ባንድ መከራከር ማለት። ከበሮው እንደ አጨብጫቢው ሕዝብ ነው።

አብዮቱ በቴሌቪዥን አይታይም የሚለው ዝነኛ ሥራው ሁለት ጊዜ ነው የተቀዳው። በ1970 በኮንጋ፣ በ1971 ደግሞ ሮን ካርተር ቤዝ፣ ሂዩበርት ሎውስ ፍሉት በሚጫወቱበት ሙሉ ባንድ። ቃሉ ከሞላ ጎደል ያው ነው። በመጀመሪያው ላይ አደባባይ ቆሞ የሚናገር ሰው ትሰማላችሁ፤ ይቸኩላል፣ ይገፋል። በሁለተኛው ላይ ቤዙ ዘና ያለ፣ የሚያስጨፍር ነው፤ ሰውየውም ዘና ብሏል፣ ያሾፋል። ግጥሙ የሚያፌዘው በማስታወቂያ ነው፤ የሳሙና፣ የለስላሳ፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ። ስለዚህ ሁለተኛው ቅጂ ማስታወቂያ የሚመስል ማራኪ ሙዚቃ ላይ ተቀምጦ ማስታወቂያን ይሳደባል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው የበለጠ ሐቀኛ ነው የሚሉ አሉ፤ መብታቸው ነው።

ራፕ ከዚህ መጣ ወይ? በከፊል። የራፕ ትውልድ ላስት ፖየትስንና ስኮት ሄሮንን እንደ አባት ይጠራቸዋል። ልዩነቱ ራፕ ምቱ ላይ ተጣብቆ ቤት ይመታል፤ የጃዝ ቃል ገጣሚ ግን ምቱን እንደፈለገ ይተወዋል፣ ይመለስበታል። ባንዱም በሕይወት ያለ፣ የሚሰማና የሚለወጥ ባንድ ነው።

ገጣሚዋን ጄይን ኮርቴዝን ሳላነሳ ባልፍ አጠፋለሁ። ፋየርስፒተርስ በሚባለው ባንዷ ውስጥ ከበሮ የሚመታው ልጇ ዴናርዶ ኮልማን ነበር፤ አባቱ ታላቁ ሳክስፎኒስት ኦርኔት ኮልማን። በ1982 ባወጣችው አልበም ላይ ከበሮ ሴት ከሆነች ለምን ትመታታለህ የሚል ሐሳብ ያለው ግጥም አለ። መነሻው የጃዝ ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን በ1950ዎቹ ከበሮን በሴት መስሎ የሠራው አልበም ነው። ኮርቴዝ ያን ምሳሌ ይዛ ወደ ቤት ውስጥ ጥቃት ወሰደችው። እዚህ ላይ የምትተቸው መንግሥትን ብቻ አይደለም፤ የራሷን ሠፈር፣ የጃዝን ዓለም፣ የጓደኞቿን ቀልድ ጭምር ነው። ከኋላዋ ከበሮ እየተመታ ነው ይህን የምትለው! ሐረጉን እየደጋገመች ስታጠብቀው፣ ያ ተራ ምት የነበረው የከበሮ ድምፅ ጆሮ ላይ መክበድ ይጀምራል። ሰሚው ሙዚቃውን ወድዶ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ በመሃል ያፍራል። ይህን ወረቀት ላይ ያለ ግጥም ብቻውን አይችለውም። ከበሮ ብቻውንም አይችለውም።

ሥልቱ አላለቀም። በ2015 በኒው ዮርክ የፖሊስ ጥቃትን በሚቃወም የሙዚቀኞች መድረክ ላይ የተገናኙ ሰዎች ኢሬቨርሲብል ኢንታንግልመንትስ የሚባለውን ባንድ መሠረቱ፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በ2017 ወጣ። የቃሉ ባለቤት ካሜ አየዋ ናት። እሷ ረጅም ታሪክ አትናገርም። አንድ ሐረግ ትይዝና ባንዱ እስኪፈርስ ትመላለስበታለች። በ2024 ደግሞ ባሲስቷና ድምፃዊቷ ሚሼል ኢንዴጌኦቼሎ የደራሲውን የጄምስ ባልድዊንን 100ኛ ዓመት ልደት ቀን ጠብቃ አንድ አልበም አወጣች፤ ገጣሚዋ ስቴሲያን ቺን ታነብበታለች። በ2025 ግራሚ የሚባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አገኘ። ለቃል ግጥም አልበም ብቻ የተለየ የግራሚ ዘርፍም ከ2023 ጀምሮ አለ። በፎበስ ላይ በቃል ለማፌዝ ሌላ አሳታሚ መፈለግ ካስፈለገበት ዘመን ጋር ሲተያይ ብዙ መንገድ ነው። አሁን ያለው አደጋ ሌላ ነው፤ ትችት ሽልማት እንደሚያመጣ ያወቀ ሰው የሚሠራው ትችት።

ሁሉም አልበም ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። የሚበላሸውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ባንዱን በሐሳባችሁ አውጡትና ግጥሙን ብቻ ስሙ። ምንም ካልጎደለ ባንዱ ለጌጥ ነው የመጣው። ቀጥሎ ገጣሚውን አውጡት። ባንዱ አራት ኮርድ እየደጋገመ ሰው የሚጠብቅ ከሆነ ይኸው ነው፤ ሙዚቀኞቹ ተቀጥረው ነው እንጂ እየሰሙ አይደለም። ሌላው የተለመደ ችግር መፈክር ነው። «ፍትሕ! ነፃነት!» ሲባል ባንዱ ምን ይመልስ? ከመጮኽ ውጭ ምርጫ የለውም። አይጥ የነከሳት እህት ስትባል ግን ብዙ መልስ ይቻላል። ዝም ማለት ይቻላል፣ ማሾፍ ይቻላል፣ ማልቀስ ይቻላል። ዝርዝር ነገር ለባንዱ ሥራ ይሰጠዋል።

ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ የሚከብዳችሁ ካለ አትፍሩት። በመጀመሪያው ዙር ቃሉን ለመረዳት አትታገሉ። ገጣሚው የት እንደሚያቆምና በዚያ ክፍተት ማን እንደሚገባ ብቻ ተከታተሉ። ሁለተኛ ስትሰሙ የሚደጋገመውን ሐረግ ያዙና ሲመለስ ባንዱ ምን እንደቀየረ ስሙ። ግጥሙን በጽሑፍ አግኝታችሁ ማንበብ ከዚያ በኋላ ይሁን። ከየት ልጀምር ለሚለኝ ደግሞ ከስኮት ሄሮን የ1971 ቅጂ እላለሁ፤ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ከሱ ወደ 1970ው ኮንጋ ተመለሱ። የሂውዝንና የሚንገስን ገጽ ለጸጥተኛ ሰዓት አቆዩት። የአቢ ሊንከንን ጩኸት ግን ሌላ ሥራ እየሠራችሁ አትክፈቱት።